«ቴክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ወደ ፈረንሳይኛ ሲሻገር
ፈረንሳይኛ ለሚማሩ አማርኛ ተናጋሪዎችና ለጀማሪ ተርጓሚዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ግስ፣ ስለ «ቴክ» ነው። እንግሊዝኛ የጀመረ ልጅ ይህን ግስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያውቀዋል፤ ትርጉሙን ሲጠየቅም ሳያመነታ «መውሰድ» ብሎ ይመልሳል። ያው ልጅ አድጎ ፈረንሳይኛ ሲጀምር «ፕራንድር» የሚለውን ግስ ያገኛል፤ ያን ጊዜ «ቴክ»፣ «ፕራንድር»ና «መውሰድ» በሦስት ቋንቋ የተነገረ አንድ ቃል ሆነው ይታዩታል። ለጥቂት ሳምንታት ነገሩ የሚሠራ ይመስላል። መጽሐፉን ውሰድ፣ መድኃኒቱን ውሰድ ሲባል «ፕራንድር» በደንብ ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ዓረፍተ ነገር ካንዱ የባሰ እየሆነ ይመጣል፤ ተማሪውም ፈረንሳይኛ አስቸጋሪ ቋንቋ ነው ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል።

እኔ የማምነው ችግሩ የመጣው ከመንገዱ እንደሆነ ነው። አብዛኞቻችን ፈረንሳይኛን የምንማረው በእንግሊዝኛ በኩል ነው፤ የመማሪያ መጽሐፉም፣ መዝገበ ቃላቱም፣ በስልካችን ያለው መተግበሪያም ማብራሪያውን የሚሰጠን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንድን ሐሳብ ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ ልናሻግር ስንፈልግ በመካከል እንግሊዝኛ ላይ እናሳርፈዋለን፤ እዚያም ብዙ የተለያዩ ድርጊቶች «ቴክ» በሚለው አንድ ግስ ተጠቅልለው ይጠብቁናል። አማርኛ ግን እነዚህን ድርጊቶች ብዙ ጊዜ ለይቶ ያስቀምጣቸዋል፤ የሚለይበትም ቦታ በሚያስገርም ሁኔታ ከፈረንሳይኛው ጋር የሚገጥምበት ጊዜ አለ። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህን ነው። አማርኛ የማይረዳን ቦታም ስላለ እርሱንም አልደብቅም።

አስቀድሞ ስለ ግሶቹ የዘር ሐረግ ጥቂት ልበል፤ ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ። «ቴክ» በእንግሊዝኛ ውስጥ የተወለደ ግስ አይደለም። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለመውሰድ የሚጠቀመው «ኒማን» በሚል ግስ ነበር፤ ዘመዱ «ኔሜን» ዛሬም በጀርመንኛ የዕለት ተዕለት ቃል ነው። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የስካንዲኔቪያ ሰዎች መጀመሪያ እንደ ወራሪ፣ በኋላም እንደ ሰፋሪና እንደ ጎረቤት ወደ እንግሊዝ ምድር ሲመጡ «ታካ» የሚለውን ግሳቸውን ይዘው መጡ፤ እርሱም ቀስ በቀስ ነባሩን ግስ ከሥፍራው አስለቀቀው። ከ«ኒማን» በዘመናዊው እንግሊዝኛ የቀሩት እንደ «ነም» ያሉ ጥቂት ቅሪቶች ናቸው፤ «ነም» የሚባለው የደነዘዘ አካል ሲሆን መነሻ ፍቺው የተወሰደ፣ የተያዘ ማለት ነው። እኛስ እጄ ተያዘ እንል የለ?

«ፕራንድር» በበኩሉ «ፕረሄንደሬ» ከሚለው የላቲን ግስ የወረደ ነው፤ የዚያም መሠረታዊ ፍቺ መጨበጥ፣ መያዝ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ የእነርሱ ፈረንሳይኛ ለብዙ ዘመን የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ስለሆነ፣ የዚህ ግስ ልጆች ወደ እንግሊዝኛ በብዛት ገብተዋል። እስር ቤት የሚባልበት «ፕሪዝን»፣ የሙያ ተለማማጅ የሚጠራበት «አፕሬንቲስ»፣ ድንገተኛ ነገር የሚገለጥበት «ሰርፕራይዝ» ሁሉም የዚያ ቤተሰብ አባላት ናቸው። እንግሊዝኛ እንግዲህ ለመውሰድ የሚሆነውን ዋና ግስ ከሰሜን ተቀብሎ፣ የረቀቁትን ስሞች ደግሞ ከፈረንሳይኛ ወሰደ። ይህን የምነግራችሁ «ቴክ» እና «ፕራንድር» የተለያየ ታሪክ ያላቸው፣ በትርጉም ብቻ በአንዳንድ ቦታ የሚገናኙ ግሶች መሆናቸውን እንድታስታውሱ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «ቴክ» በግልጽ በ«ፕራንድር» የሚተረጎምበት ቦታ ሰፊ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። ዕቃ በእጅ ማንሳት፣ መድኃኒት መዋጥ፣ አውቶቡስ መያዝ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ማስታወሻ መያዝ፣ ሻወር መውሰድ፣ ውሳኔ ላይ መድረስ በፈረንሳይኛ ሁሉም «ፕራንድር» ናቸው። አማርኛው በአንዱ ማንሳት፣ በሌላው መያዝ፣ በሦስተኛው መዋጥ እያለ እንደሚሄድ ልብ በሉ።

የመጀመሪያው እውነተኛ መሰናክል የሚመጣው አንድን ነገር ወይም አንድን ሰው ከቦታ ወደ ቦታ ስንወስድ ነው። እንግሊዝኛ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት፣ ቦርሳውን ወደ ቢሮ በአንድ ግስ ይወስዳል። አማርኛም እንዲሁ ነው፤ ልጁን ወሰደው፣ ቦርሳውን ወሰደው እንላለን። ፈረንሳይኛ ግን እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። የሚወሰደው በእግሩ የሚሄድ ፍጡር ነው ወይስ የሚሸከሙት ዕቃ? ከዚህ እየራቀ ነው ወይስ ወደዚህ እየመጣ? ለፍጡር መነሻው «መኔ» ነው፤ መምራት ማለት ነው። ለዕቃ መነሻው «ፖርቴ» ነው፤ መሸከም ማለት ነው። በሁለቱም ፊት «አን» ከገባ ከዚህ መራቅን፣ «አ» ከገባ ወደዚህ መቅረብን ያሳያል። ስለዚህ ልጅን ይዞ መሄድ «አንመኔ»፣ ይዞ መምጣት «አመኔ» ሲሆን፣ ዕቃን ይዞ መሄድ «አንፖርቴ»፣ ይዞ መምጣት «አፖርቴ» ይሆናል። ፈረንሳዮች ራሳቸው በንግግር ላይ ለዕቃም «አንመኔ» ሲሉ ይሰማሉ፤ በጽሑፍ ግን ልዩነቱን መጠበቅ የጥሩ ጸሐፊ ምልክት ነው።

ይህን በቃል ከማጥናት ይልቅ በሥራ ላይ ማየት ይሻላል። ፈረንሳይ አገር ዳቦ ቤት ወይም ምግብ ቤት ገብታችሁ ስታዝዙ ሻጩ «ሱር ፕላስ፣ ኡ አ አንፖርቴ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እዚሁ ይበሉታል ወይስ ይዘውት ይሄዳሉ ማለቱ ነው። ግሱ ምግብ ቤቱ መስኮት ላይም ተጽፎ ይገኛል። ያን ጽሑፍ አንድ ጊዜ በልቡናው የያዘ ሰው «አንፖርቴ» የሸክም ግስ መሆኑን ሰዋስው ሳይጠቅስ ያስታውሳል፤ ሰውንም «አንፖርቴ» ለማለት አይደፍርም። ደግሞ በባቡር ጣቢያ በምድር ሥር ያለውን መተላለፊያ ተጠቀሙ የሚል ማስታወቂያ ስታዩ፣ የተጻፈው ግስ «አንፕረንቴ» ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ በሌላ ቦታ መበደር ማለት የሆነው ግስ ነው። መንገድን መያዝ በመደበኛው የማስታወቂያ ፈረንሳይኛ መንገድን መበደር ይሆናል።

አሁን አማርኛ ወደሚረዳን ቦታ እንሂድ። አንድ ሰው እስክሪብቶዬን ያለ ፈቃዴ ቢወስድ እንግሊዝኛ «ከእኔ ወሰደ» በሚል አሠራር ይናገራል። ተማሪያችን ይህን «ከ» ወደ ፈረንሳይኛ ለመቀየር መስተዋድድ ፍለጋ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ያገኘው ስህተት ይሆናል። ትክክለኛው ፈረንሳይኛ «ኢል ማ ፕሪ ሞን ስቲሎ» ነው፤ «እኔን» የሚያመለክተው ቅንጣት ከግሱ ጋር ተጣብቆ፣ የተጎዳው ማን እንደሆነ ይናገራል። አማርኛ ምን ይላል? እስክሪብቶዬን ወሰደብኝ። ያ «ብኝ» ከፈረንሳይኛው ቅንጣት ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ድርጊቱ የደረሰበትን ሰው ግሱ ላይ ያስቀምጠዋል። ወሰደብኝ፣ ወሰደበት፣ ወሰደባቸው ብሎ የሚያስብ ሰው የፈረንሳይኛውን አሠራር እናቱ ቤት ተምሮታል፤ የሚያጣው እንግሊዝኛውን በመካከል ሲያስገባ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ጉዳት የሚያደርሰው ግን የፈተናው ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ ፈተና «ቴክ» ይደረጋል፤ ከዚያም ተማሪው ጎበዝ ከሆነ «ፓስ» ያደርገዋል። በፈረንሳይኛ ፈተና ላይ መቀመጥ «ፓሴ» ነው። በመልክም በድምፅም ከእንግሊዝኛው «ፓስ» ጋር መንትያ የሚመስለው ይህ ግስ ስለ ውጤቱ አንዳች አይናገርም። አንዲት ፈረንሳዊት ተማሪ ትናንት «ባክ» የተባለውን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና «ፓሴ» አድርጌአለሁ ብትል፣ ገና ውጤቷን እየጠበቀች ነው። እንኳን ደስ አለሽ የሚላት ሰው ሳምንታት ቀድሟል። ማለፏን የምትናገረው «ሬዩሲር» በሚለው ግስ ወይም ተቀባይነት ማግኘቷን በሚገልጽ አነጋገር ነው። አንድ ተርጓሚ በሥራ ማመልከቻ ወይም በትምህርት ማስረጃ ላይ ይህን ቢያደናግር ያልተገኘ ማዕረግ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ትንሽ የሰዋስው ጉዳይ አላየውም።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛችን አንድ ነገር ልናገር፤ ያሳስበኛልና። ነባሩ አማርኛ «ተፈተነ» ይልና ሲሳካ «አለፈ»፣ ሳይሳካ «ወደቀ» ይላል። ሁለቱ ደረጃዎች ፍጹም የተለያዩ ናቸው፤ ልክ እንደ ፈረንሳይኛው። ዛሬ ግን ፈተና ወሰድኩ ማለት ተለምዷል፤ ይህም በእንግሊዝኛው ተጽዕኖ የመጣ ይመስለኛል። ገላዬን ታጠብኩ በሚባልበት ቦታም ሻወር ወሰድኩ ይባላል። ቋንቋ ከጎረቤቱ መዋሱ ያለ ነገር ስለሆነ ይህን የሚሉትን ሰዎች አልነቅፍም። የሚቆጨኝ «ተፈተንኩ» የሚለው ግስ ሲዳከም፣ ወደ ፈረንሳይኛ በቀጥታ ሊያደርሰን የሚችለውን ልዩነት አብረን ማጣታችን ነው። «ወሰድኩ» ብሎ ያሰበ ተማሪ እጁ «ፕራንድር» ላይ ያርፋል፤ «ተፈተንኩ» ብሎ ያሰበ ግን ራሱን የቻለ ግስ እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

ከጊዜ ጋር የተያያዘው አጠቃቀምም ይህንኑ ያሳያል። ይህ ሥራ ስንት ሰዓት ይወስዳል? እንላለን ዛሬ። ግን «ይፈጃል» የሚለው ግስ አለን፤ «ያስፈልጋል» የሚለውም አለን። ፈረንሳይኛ ሥራው ሰዓት «ይወስዳል» ማለትን አይከለክልም፤ አዘውትሮ የሚለው ግን «ኢል ፎ ዩን ኧር» ነው፤ አንድ ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። «ኢል መ ፎ» ሲል ደግሞ ቃል በቃል «ያስፈልገኛል» ብሏል፤ ባለቤት የሌለው ግስ፣ የሚመለከተው ሰው እንደ ተሳቢ ሆኖ የገባበት። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን አሠራር ለመልመድ ይቸገራል፤ እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ያስፈልገኛል፣ ይርበኛል፣ ይበርደኛል ስንል እንውላለን። ሌላም መንገድ አለ። ሰውየው ራሱ የድርጊቱ ባለቤት ሲሆን «ዤ ሚ ዩን ኧር» ይላል፤ «ሜትር» ማለትም ማስቀመጥ ከሚለው ግስ ነው። ለመምጣት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ የምንለውን ፈረንሳዊው አንድ ሰዓት አስቀመጥኩ ይለዋል። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ፤ መልመድ ነው እንጂ መላ የለውም።

አጫጭር የዕለት ድርጊቶችን በሚመለከት ፈረንሳይኛ «ፌር» ወደሚለው ግስ ያዘነብላል፤ ማድረግ ማለት ነው። ሽርሽር፣ እረፍት፣ የቀትር እንቅልፍ፣ ጉዞ፣ የእግር እርምጃ በእንግሊዝኛ «ቴክ» ሲደረጉ በፈረንሳይኛ «ፌር» ይደረጋሉ። እረፍት አደረግን የሚለው አማርኛ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ትምህርት መከታተል በሁለቱም ቋንቋ መከተል ነው፤ ፈረንሳይኛው «ስዊቭር» ይላል። አውሮፕላን ሲነሣ «ዴኮሌ» ይባላል፤ ከተጣበቀበት መላቀቅ ማለት ነው። ልብስ ሲወልቅ «አንልቬ» ወይም «ኦቴ» ነው። ልጅቷ ቁርጥ እናቷን ናት ለማለት እንግሊዝኛው «ቴክ»ን ሲጠቀም ፈረንሳይኛው ከእናቷ «ትይዛለች» ይላል፤ ግሱ «ተኒር» ነው።

አንድ ወጥመድ ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ስብሰባ ተካሄደ ለማለት እንግሊዝኛው «ቴክ ፕሌስ» ይላል። «ፕላስ» ፈረንሳይኛ ቃል ስለሆነ ተማሪው «ፕራንድር ፕላስ» ብሎ በሙሉ ልብ ይጽፋል። ይህ አነጋገር በፈረንሳይኛ በእርግጥ አለ፤ ትርጉሙ ግን በወንበር ላይ መቀመጥ፣ ቦታን መያዝ ነው። እንግዶች «ፕራንድር ፕላስ» ያደርጋሉ፤ ስብሰባ አያደርግም። ለስብሰባው የሚሆነው «አቯር ሊዩ» ነው፤ ቦታ አለው እንደ ማለት። እንዲህ ያለው ስህተት ከሌሎቹ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው፣ የተጻፈው ቃል ሁሉ ፈረንሳይኛ በመሆኑ ጸሐፊው ራሱን የሚጠረጥርበት ምክንያት ስለማያገኝ ነው።

ወደ ፈሊጦቹ ስመጣ ደስታዬን አልሸሽግም፤ የዚህ ግስ ውበት ያለው እዚያ ነውና። አንድ ሰው ፈርቶ ሲሸሽ እንግሊዝኛው ወደ ተረከዙ «ቴክ» አደረገ ይላል። ፈረንሳይኛው «ፕራንድር ሴ ዣምብ አ ሶን ኩ» ይላል፤ እግሮቹን አንሥቶ አንገቱ ላይ አደረገ ማለት ነው። አማርኛው «እግሬ አውጪኝ» ብሎ ፈረጠጠ ይላል። ሦስቱም እግር ላይ ናቸው፤ የእኛው ግን እግርን ሰው አድርጎ ይለምነዋል። ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚተረጉም ሰው በእንግሊዝኛው ተረከዝ በኩል ማለፍ ጨርሶ አያስፈልገውም።

አንድን ሰው ማታለል በእንግሊዝኛ በተሽከርካሪ ይዞ እንደ መዞር ሲነገር፣ በፈረንሳይኛ «መኔ አን ባቶ» ነው፤ በጀልባ መንዳት። አንድን ወሬ በጥርጣሬ መቀበል በእንግሊዝኛ በትንሽ ጨው፣ በፈረንሳይኛ በመቆንጠጫ መውሰድ ነው። ውበቱ ትንፋሽ የሚያሳጣ ነገር በእንግሊዝኛ ትንፋሽን ሲወስድ በፈረንሳይኛ ትንፋሽን ይቆርጣል። በሬን በቀንዱ መያዝ ግን በሁለቱም አንድ ነው፤ ኮርማውን በቀንዱ ያዘ ይላሉ፤ ትርጉሙም ችግርን ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ረጅም ጊዜ የሚያቆመኝ «ቴክ ፍሬንች ሊቭ» የሚለው ነው። ለእንግሊዞች ከግብዣ ሳይሰናበቱ ሹልክ ብሎ መውጣት «የፈረንሳይ ስንብት መውሰድ» ይባላል። ፈረንሳዮች ደግሞ ያንኑ ድርጊት «ፊሌ አ ላንግሌዝ» ይሉታል፤ በእንግሊዞች ወግ መንሸራተት። ሁለት ጎረቤታሞች ያንኑ ነውር እርስ በርስ ሲሰጣጡ ኖረዋል ማለት ነው። ተርጓሚው ቃሉን ተከትሎ «የፈረንሳይ ስንብት» ብሎ ወደ ፈረንሳይኛ ቢያሻግረው አንባቢው ግራ ይጋባል፤ ትክክለኛው ትርጉም የአገሩን ስም መገልበጥ ነው።

በዚህ አነጋገር ውስጥ ያለው «ሊቭ» ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። መነሻው መሄድ ከሚለው ግስ ሳይሆን ፈቃድ ከሚል የተለየ ቃል ነው። እንግዳ ሲሰናበት ከባለቤቱ ዘንድ የመሄድ ፈቃድ ይወስዳል፤ ያው ቃል ዛሬ ከሥራ የሚወጣበትን እረፍትም ይሰይማል። ፈረንሳይኛውም «ፕራንድር ኮንዤ» ሲል ተሰናበተ ማለቱ ነው፤ «ኮንዤ» የዓመት እረፍትም ስም ነው፤ በላቲን የመነሻው ትርጉምም የመሄድ ፈቃድ ነበር። እኛም ከሥራ ለምናርፍበት ጊዜ የዓመት ፈቃድ እንላለን፤ ከሰው ቤት ስንነሣም «ይፍቀዱልኝ» ብለን እንሰናበታለን። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ሲያገኝ ተርጓሚ ሊደሰት ይገባዋል፤ ወግና ቃል በሦስት ቋንቋ አብረው ሲሄዱ ሁልጊዜ አይገኝምና።

አንድ ልጨምር። ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው በእንግሊዝኛ ከዚህ በላይ «ቴክ» ማድረግ አልችልም ይላል። ፈረንሳዊው «ዠ ናን ፐ ፕሉ» ይላል፤ በዚህ ውስጥ ያለው ግስ መቻል ብቻ ነው። አማርኛም «ከዚህ በላይ አልችልም» ሲል አይጨምርበትም፤ መቻል ለእኛ ኃይል ማግኘትም መታገሥም ነው፤ ቻለው ስንል ታገሠው ማለታችን ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ ያለው ርቀት ከእንግሊዝኛው ያጠረ ነው።

የእንግሊዝኛ ጫና በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ግዛት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሽርሽር ወጡ ለማለት «ፕራንድር ዩን ማርሽ» ሲሉ ይሰማሉ፤ ከእንግሊዝኛው በቀጥታ የተገለበጠ ነው፤ ፓሪስ ላይ «ፌር ዩን ፕሮምናድ» ይባላል። «ፕራንድር ዩን ሻንስ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «ሻንስ» በፈረንሳይኛ ዕድል ስለሆነ፣ አደጋን መድፈር የሚለው ሐሳብ የተሸከመው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው። ኩቤክ የፈረንሳይኛ ጉዳይ የሚከታተል መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት በ1961 አቋቁሞ፣ በ1977 ደግሞ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተር አውጥቶ፣ ስለ እንዲህ ያሉ ግልብጦች ምክር ይሰጣል። ሞንትሪያል ለሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳዩ የዕለት ጉዳይ ነው፤ ልጁ ከጓደኞቹ የሚሰማው «ፕራንድር» አስተማሪዋ በደብተሩ ላይ የምታርመው ሊሆን ይችላል። የኩቤኩ አነጋገር በኩቤክ ሰው አፍ የራሱ ክብር አለው፤ ተርጓሚ ግን የሚጽፈው ለየትኛው አገር አንባቢ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

በአማርኛና በፈረንሳይኛ መካከል ቀጥተኛ መንገድ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን ከፈረንሳይኛ ፍቺ ጋር በ1881 አሳትሟል፤ ባተማን የተባሉት ሚሲዮናዊ ደግሞ የራሳቸውን በ1929 ድሬዳዋ ላይ አሳተሙ። ቢሮ፣ ሹፌር፣ አሳንሰር፣ ለገሃር የሚሉት ቃላት ሲመጡም እንግሊዝኛን አስተርጓሚ አላደረጉም። እነዚያ መዝገበ ቃላት ዛሬ በቀላሉ እጅ ላይ አይገኙም፤ አማርኛቸውም የዘመናቸው ነው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ማስታወሻ እንዲይዝ የምለምነው።

ማስታወሻው በግስ ሳይሆን በስም ይደራጅ። በፈረንሳይኛ ግሱን የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ የሚቆመው ስም ነው። ውሳኔ የሚለው ስም «ፕራንድር»ን፣ እረፍት የሚለው «ፌር»ን፣ ፈተና የሚለው «ፓሴ»ን፣ ትምህርት የሚለው «ስዊቭር»ን ይጠራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ስሙ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ይጻፍ፤ ከሥሩ ስሙ የሚጠራው ግስ፣ ከዚያም ተማሪው ራሱ ያነበበው ወይም የሰማው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይከተል። መዝገበ ቃላት ሲገለጥም የሚፈለገው በስሙ ሥር ነው፤ «ፕራንድር» በሚለው ሥር ብዙ ዓምድ ሙሉ ሲነበብ የሚውለው ጊዜ፣ «ኤግዛመን» በሚለው ሥር በጥቂት መስመር ያልቃል። «ቴክ» የሚል ርዕስ ያለው ገጽ ግን ማስታወሻው ውስጥ አያስፈልግም።